ሁለት ምስክር የሌለው አይሳፈርም

ይህን ለመጻፍ በመድፈሬ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ እጄ የለመደው ብሩሽ እንጂ እስክሪብቶ አይደለም። ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ግድግዳ ቢሆን ስህተቴን በሁለተኛ እጅ ቀለም እሸፍነው ነበር፤ ወረቀት ግን እንደዚያ አይሸፍንም። ቢሆንም አንድ ሰው አለ፤ ስለ እሱ ሳልናገር ብቀር ያንቀኛል።

በየቤተሰቡ አንድ ዘር ቆጣሪ አይጠፋም። «እኛ ቤት የለም» የምትሉ ካላችሁ፣ ሰውዬው ገና ጡረታ አልወጣም ማለት ነው፤ ጠብቁ። ዕድሜ ልኩን የወንድሙን ልጆች ስም ሲያምታታ የኖረ ሰው፣ ጡረታ በወጣ ማግስት የቅድመ አያቱ አማት ማን እንደነበሩ ካልተነገረው እህል አይወርድለትም።

የእኛ ቤቱ ጋሼ ናቸው። ጋሼ የእናቴ ባል ናቸው። እናቴን ሲያገቡ እኔን አዝላ ነው ቤታቸው የገባችው። እሷ ካረፈች ብዙ ዘመን ሆነ፤ እኔና ጋሼ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቤት ነን። ሥራቸው የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ጡረታ ወጡ ይባላል እንጂ አልወጡም። ሰው ቤታችን ሲመጣ ሳያውቀው ኪሱን ይዳብሳል። ሰፈሩም «ክቡር ተቆጣጣሪ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም እንደ ሹመት ተቀብለውታል።

ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ኮታቸውን ጨብጬ አውቶቡሱ መሃል ለመሃል እከተላቸዋለሁ። ሰው «ይሄ ልጅ የማነው?» ሲላቸው «ከእኔ ጋር ነው» ይላሉ፤ አለቀ። ሐኪም ቤትም «ከእኔ ጋር ነው»፣ ትምህርት ቤትም «ከእኔ ጋር ነው»። «ልጄ ነው» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። «ልጄ አይደለም» ሲሉም አልሰማሁ። እኔም አልጠየቅኳቸው፤ እንደዚያ ያለ ነገር ለመጠየቅ ድፍረት ያስፈልጋል።

ታዲያ ጋሼ ዘር ፍለጋውን የጀመሩት ከላይ ነው። ዘር ቆጣሪ የሚባል ሰው የሚፈልገው ዘመድ አይደለም፤ ዘመድማ ሞልቶ ተርፎ ደጅ ላይ ይሰለፋል። የሚፈልገው ትልቅ ሰው ነው። በእኛ ቤት ደግሞ አንድ ቅድመ አያት ዳኛ ነበሩ ይባል ነበር። ጋሼ የሳሎኑን ግድግዳ ነጭ አስቀቡኝ፣ በላዩ ላይ ቡናማ ግንድና ቅርንጫፍ አሣሉኝ፣ ከዛፉ አናት ላይ ዳኛውን አስቀመጡና ሕግ አወጡ።

«ሁለት ምስክር የሌለው አይሳፈርም!»

አሠራሩ እንዲህ ነው። እሳቸው ስሙን በእርሳስ ይጽፋሉ። ሁለት ሰው «አዎ፣ የእገሌ ልጅ ነው» ብሎ ከመሰከረ፣ እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ በጥቁር ቀለም እደግመዋለሁ። ምስክር ከጠፋ በላጲስ «ውረድ!» ይባላል። የአጎታቸው ልጅ ሳቂታው፣ በየሠርጉና በየሐዘኑ ከፊት ተቀምጦ የኖረው ሰውዬ፣ አንድ ቀን በላጲስ ወረደ። በማግስቱ ስልክ ደወለ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ዘመድ ነኝ ወይስ አይደለሁም? ልጄን ልድር ነው፤ በየትኛው በኩል ልጥራዎት?»

«ምስክር አቅርብ።»

«ሚስቴ አለች።»

«ሚስት አትቆጠርም። አንተን ብላ የተሳፈረች ናት።»

ምስክር ፍለጋው ራሱን የቻለ ጉድ ነው። አንድ አዛውንት ዘመዳችን ታመው ሆስፒታል ተኝተው፣ ጋሼ ብርቱካን ይዘው ሄዱ። እኔም ተከትያለሁ። «እንዴት አደሩ?» አላሉም። ወንበሩን ወደ አልጋው ሳቡና «ከመሄድዎ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ።

ሰውዬው ደነገጡ። «የት ልሄድ?»

«እሱን ተዉት። የእናትዎ እናት ስማቸው ማን ነበር?»

እኒያ አዛውንት በሦስተኛው ቀን ድነው ወጡ። ሐኪሞቹ መድኃኒቱ ነው ይላሉ። እኔ እልህ ይመስለኛል።

ዳኛውን ያወረዷቸው ደግሞ የጋሼ ታላቅ እህት ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። ምላሳቸው ምላጭ ነው። ግድግዳው ፊት ቆመው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ፍርድ ቤት መዋላቸውስ እውነት ነው» አሉ። «ግን ይቆሙ የነበረው ተከሳሽ ቦታ ላይ ነው። በበሬ ስርቆት።»

«ምስክር አለሽ?»

«አባታችን ነው የነገረኝ።»

«አባታችን ሞቷል።»

«በሬውም ሞቷል።»

ጋሼ በማግስቱ ዳኛውን ሊያድኑ ሰነድ ቤት ሄዱ። የድሮ መዝገብ ከምታወጣው ልጅ ፊት ቆመው የሰውዬውን ሹመት ጠየቋት።

«አባባ፣ ፍለጋውን ከየት ጀመሩት?» አለቻቸው።

«ከላይ ነዋ!»

«ከላይ አይጀመርም። ከራስዎ ነው የሚጀመረው። መጀመሪያ ራስዎ፣ ከዚያ ቤትዎ ያለው ሰው፣ ቀጥሎ ወላጆችዎ፣ አያቶችዎ፤ እንዲህ እያሉ ወደ ኋላ።»

«ራሴንማ አውቀዋለሁ!»

«እንግዲያው ይጻፉታ» አለችና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።

ቤት ሲገቡ ኮታቸውን እንኳ አላወለቁም። ዳኛውን በላጲስ አወረዱ። ከዛፉ ግርጌ ተንበርክከው የራሳቸውን ስም ጻፉ። ከጎናቸው የእናቴን ስም ጻፉ። ከሁለቱ ሥር እርሳሱን አስጠጉት፤ ቆም አሉ። ቀና ብለው መሰላሉ አጠገብ የቆምኩትን እኔን አዩኝ። ከዚያ እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ሰኩና «እሁድ ዘመድ ጥራ፤ ምርመራ አለ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ሰነበተ። ነጩን የቀባሁት እኔው ነኝ፤ ደህና አድርጌ ነው የቀባሁት። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አየዋለሁ፤ ማታ ስገባም አየዋለሁ። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው በግድግዳ መጨነቁ ያሳፍራል፤ ግን ተጨነቅሁ። እኔ ለጋሼ ምናቸው ነኝ? ሕጋቸውን አውቃለሁ። ሳቂታውን ያወረደ ላጲስ ለእኔ አይራራም። ማን ይመስክርልኛል? ምን ብሎ?

እሁድ ዘመድ መጣ። ሻይ ቀዳሁ፤ ዳቦ ቆረስኩ። ሳቂታውም ከብዙ ድካም በኋላ ሁለት ምስክር እየጎተተ መጥቶ እንደገና ተሳፈረ፤ ተጨበጨበለት። ሁሉም ስሙን እየፈለገ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። በመሃል እትዬ ጎንበስ አሉና በጣታቸው ባዶውን ቦታ ነኩት።

«እዚህስ? ይሄ ልጅ የት ነው?»

የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ምስክር አልቀረበለትም» አሉ ጋሼ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

ማንቆርቆሪያውን ይዤ ወደ ጓዳ ልገባ ዞርኩ። ሻዩ አልቆ አልነበረም፤ እንዲያው እግሬ መራኝ።

«ወዴት ነው? ቁም!» አሉ ጋሼ፤ አውቶቡስ ውስጥ በሚናገሩበት ድምፅ። ቆምኩ። «እትዬ፣ አንቺ መስክሪለት።»

«ምን ብዬ? እኔ የማውቀው ከእናቱ ጋር መምጣቱን ነው። ደም ነው የምቆጥረው ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ደም አልጠየቅኩሽም። እስከ ጡረታዬ ድረስ አውቶቡስ ላይ ስሠራ፣ እኔን ትኬት የጠየቀኝ ሰው አለ?»

«አንተን ማን ይጠይቅሃል! ተቆጣጣሪ አይደለህ?»

«ይሄንንስ?»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «እሱንማ... ከአንተ ጋር አልነበረም እንዴ! ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል?»

«አንድ ምስክር» አሉ ጋሼ። እርሳሱን ከጆሯቸው አወረዱ። «ሁለተኛ?»

ከበሩ በኩል ሳቂታው ዳቦ እንደጎረሰ እጁን አወጣ።

«እኔ አለሁ! በትኬቴ፣ በሕጋዊ ትኬቴ የተቀመጥኩትን ሰው "ተነስ" ብለው አስነስተውኝ እሱን ያስቀመጡት እርስዎ አይደሉም? እስከ መጨረሻው ፌርማታ ቆሜ ነው የሄድኩት። "ለምን?" ብል "ልጁ ደክሞታል" አሉኝ። ጋሼ፣ እኔ ያንን አልረሳም!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ አልሳቁም። «ማን ልጁ?» አሏቸው እትዬ፣ በሳቁ መሃል።

«ልጁ ነዋ» አሉ ጋሼ። «ሌላ ልጅ አለኝ እንዴ?»

ከዚያ ቀስ ብለው ተንበረከኩ፤ ጉልበታቸው ጮኸ። ከሁለቱ ስም ሥር፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ ስሜን በእርሳስ ጻፉ። ተነስተው ልብሳቸውን አራገፉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ!» አሉኝ።

ዘር ቆጣሪ አስቸጋሪ ፍጥረት ነው። ሠርግ ያበላሻል፣ በሽተኛ ያስደነግጣል፣ የሞተን ሰው ከዳኝነት ወደ ሌብነት ያወርዳል። የእናንተ ቤት ያለውን ታገሱት። እኔ የኛን በማንም አልለውጣቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ በፊት ተነሳሁ። ጥቁር ቀለሜን በጠበጥኩ። መሰላል አላስፈለገኝም፤ ቦታው ዝቅ ያለ ነው። ተንበርክኬ ስሜን ፊደል በፊደል ደገምኩት። ከዚያ ከሁለቱ ስም ወደ እኔ የሚወርደውን መስመር ሳብኩ። ስንት ዓመት ቀጥ ያለ መስመር የሳበ እጅ ብሩሹን አጥብቆ ተጫነና መስመሩ ወፈረብኝ።

ጋሼ ሻያቸውን ይዘው መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ወፍሯል» አሉ።

«ልፋቀው?»

«አይ» አሉና ሻያቸውን ፉት አሉ። «ሁለተኛ እጅ ጨምርበት።»

ጨመርኩበት።