መርዶውን የከለከልሁበት ማስጠንቀቂያ

ቁጥጥር የሚጠላ ሰው ሞልቷል፤ መቆጣጠር የሚጠላ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እናንተ አጋጥሟችሁ ከሆነ አስተዋውቁኝ፣ ሻይ እጋብዘዋለሁ። እስቲ ራሳችሁን ተመልከቱ። ታክሲው ሰው ሲደራርብ «ኧረ የሚቆጣጠር የለም ወይ!» የምትሉት እናንተ ናችሁ፤ ትራፊክ ፖሊሱ ብቅ ሲል ደግሞ «ይሄ ምን ሊሠራ መጣ?» የምትሉት እናንተው ናችሁ። ሬዲዮኑ የማንወደውን ሲናገር የሚዘጋልን እንፈልጋለን፣ የምንወደውን ሲናገር ደግሞ ማንም እንዳይነካብን። ይህን ጠባያችንን ችሎ የአገሩን ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና በየስልካችን ውስጥ የሚንጫጫውን ሁሉ እንዲጠብቅ የተፈረደበት መሥሪያ ቤት አለ። አዝንለታለሁ። ማዘን የጀመርሁት ግን እኔም የሥራ ባልደረባው ከሆንሁ በኋላ ነው።

ባልደረባ ስላችሁ ደመወዝ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። እኔ ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር፣ ለሠርግና ለስብሰባ ሞንታርቦ የማከራይ ሰው ነኝ። ከሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎችና ከሚያፏጭ ማይክራፎን በቀር ንብረት የለኝም። አንድ ቀን ታዲያ ቀበሌ ተጠራሁና «ድምፅ ነክ ሥራ ስለምትሠራ የመገናኛ ብዙኃን ባለድርሻ አካል ነህ» ተባልሁ። ባለድርሻ! ድርሻዬ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ በደስታ ፈረምሁ። ከዚያ መሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች ስለ በይነ መረብ ደኅንነት ሊያሠለጥኑን በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሰበሰቡንና ስማችን የተጻፈበት ባጅ አንገታችን ላይ አንጠለጠሉልን።

አሠልጣኙ ትሑት፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ያላጣራችሁትን አታሰራጩ፣ ሰው የሚጎዳ ነገር በምትመሩት ግሩፕ ላይ እንዳይለጠፍ ተጠንቀቁ፣ ደንባችሁንም ለአባላት አስቀድማችሁ አሳውቁ እያለ ደህና ደህና ነገር ነገረን። እኔ ከሁሉ ነጥሎ ጆሮዬ የገባው ግን «የምትመሩት» ያለው ብቻ ነው። ባጁን ቤቴ እስክገባ አላወለቅሁትም። ሚስቴ በር ላይ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «እንዳትጠፋ ነው ስምህን ያንጠለጠሉልህ?» አለችኝ።

የምመራው አለኝ እኮ! የሰፈራችን እድር በስልክ ላይ ግሩፕ አለው። ዱሮ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው በየደጁ ይዞር ነበር፤ አሁን ኪሳችን ውስጥ ቲን ይላል። የዚህ ግሩፕ አድሚን እኔ ነኝ። ከሥልጠናው ማግስት ጀምሮ ስሜን «ተቆጣጣሪው» ብዬ ቀየርሁና ሥራ ጀመርሁ። የጠፋ በግ ፎቶ የለጠፈውን ሰው ባለቤትነትህ አልተረጋገጠም ብዬ አጠፋሁበት። ልጅ ወለድን ብለው ያበሠሩትን ባልና ሚስት የመረጃውን ምንጭ ጠየቅኋቸው። ሰዉ ምን ይበል? ታገሠኝ።

እንዲህ በሥልጣኔ ተዝናንቼ ሳለሁ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ የእድራችን ዳኛ አያ ጥሩነህ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። የእትዬ ዘውዴ ወንድም አያ በሪሁን ቆላው ሳንጃ ከተማ ሞቱ። ሰሊጥ ሊሸጡ ወርደው ነው፤ ትኩሳት ያዛቸውና አልቆዩም፣ ቀብራቸውም እዚያው ሆነ።

እትዬ ዘውዴ ከእኔ ቤት በላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የሚኖሩ ሴት ናቸው። የመሪጌታ ልጅ ናቸው፤ ማለዳ ማለዳ ዳዊት ሲደግሙ ድምፃቸው እኛ ቤት ይሰማል። አባታቸው በልጅነታቸው ሲሞቱ ያሳደጓቸው እኒህ ወንድማቸው ነበሩ። አንዲት ልጃቸው መሠረት ድብ ባሕር በምትባል ትንሽ ከተማ አስተማሪ ናትና እሳቸው የሚኖሩት ብቻቸውን ነው።

«ልጅቱ ነግረናት ዛሬ ማታ ትገባለች» አሉኝ አያ ጥሩነህ። «ነገ ማለዳ ሰብሰብ ብለን ዘውዴን እናረዳታለን። እስከዚያ ግን ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ። አደራ! ያ ግሩፕ የምትለው ነገር እንዳያወጣው።»

መርዶ እናንተም ታውቁታላችሁ። ማን አፉን እንደሚከፍት፣ ማን ከጎን ተቀምጦ እጅ እንደሚይዝ፣ ሰውየው ተኝቶ ካደረ በኋላ ማለዳ እንደሚነገር፣ ማንም አዋጅ ሳያወጣለት ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ደግሞ አዋጅ ካልወጣ አልረጋጋም። «ለእኔ ይተውት!» አልኋቸው፤ ባጁን ካንጠለጠልሁበት ሚስማር ላይ አውርጄ አንገቴ ላይ አጠለቅሁት። ከዚያም ግሩፑ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦

«ጥብቅ ማስጠንቀቂያ! የእትዬ ዘውዴ ወንድም አያ በሪሁን በሳንጃ ማረፋቸውን የሚመለከት ማንኛውም መረጃ፣ ልጃቸው መሠረት ከድብ ባሕር እስክትደርስና ነገ ማለዳ መርዶው እስኪነገር ድረስ በዚህ ግሩፕ መለጠፍ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ደንቡን የተላለፈ ይባረራል። ተቆጣጣሪው።»

ደግሜ አነበብሁት። አንድም የፊደል ስሕተት የለውም። ማንም ሳያየው እንዳያልፍ ብዬ ከሁሉ በላይ ሰካሁት፤ የአባላቱ ስልክ በሙሉ ቲን አለ። ወዲያው አያ ጥሩነህ ደወሉ።

«አንተ! ምነው? ምነው ልጄ?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ዘውዴን እዚያ ግሩፕ ያስገባት ማነው?»

እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ልጃቸው ስልክ ገዝታላቸው፣ «እንኳን ወደ ዘመኑ መጡ!» ብዬ በገዛ እጄ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ላጠፋው ስልኬን ስነካካ፣ ተቻኩዬ ሌላ ሌላውን ስጫን፣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። እትዬ ዘውዴ ናቸው፤ ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘውታል።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ቲን ቲን ይላል፤ ያንተ መልእክት መሰለኝ። መነጽሬን ቤት ትቼው መጣሁ። እስቲ አንብብልኝ።»

ተቀበልኋቸው። ማስጠንቀቂያዬ ከላይ ተሰክቶ ያፈጥብኛል። ያላጣራችሁትን አታሰራጩ ያለኝ ያ ሰው በዚያች ሰዓት ቢያየኝ ምን ይል ነበር? ጉሮሮዬን ጠራረግሁና የዜና አንባቢ ድምፅ አወጣሁ። «ውድ የእድራችን አባላት፣ የፊታችን እሑድ የሰፈራችን ቦይ ስለሚጠረግ አካፋ ይዛችሁ እንድትገኙ።»

ስልኩን አዩት፤ እኔን አዩኝ። «ይሄን ያህል ጽሑፍ ለአካፋ ብቻ?»

«ዶማም አለበት» አልሁ። ላቤ በጆሮ ግንዴ ይወርዳል።

«ሸጋ። እግዜር ይስጥልኝ።» ስልካቸውን ተቀብለው ቀስ ብለው ወጡ። እኔም መልእክቱን ከሁሉም ስልክ ላይ አጠፋሁና ግድግዳ ተደግፌ ተነፈስሁ። ተረፍሁ! ደግሞ እኮ፣ አያችሁ ጉዴን፣ ትንሽ ኮራሁም። ለአያ ጥሩነህ ደውዬ «ሁኔታውን ተቆጣጥሬዋለሁ» አልኋቸው።

ማለዳ ተሰብስበን ሄድን። መሠረት በር ላይ ጠበቀችንና ዓይኗን እየጠራረገች «እማዬ ምንም አልሰማችም። ማታ ራት ሠርታ ጠበቀችኝ፤ ስለ ተማሪዎቼ ስትጠይቀኝ አመሸች» ብላ አንሾካሾከችልን። ስንገባ ቤቱ ተጠርጓል፣ አግዳሚዎቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። አያ ጥሩነህ ስለ ዝናቡ ጀመሩ፣ ስለ አዝመራው ቀጠሉ፣ በመጨረሻ «ዘውዴ፣ አይዞሽ እንግዲህ…» አሉ። እትዬ ዘውዴ ነገሩ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ የልጃቸውን እጅ ጨብጠው «ወንድሜ! አባቴ!» ብለው ሲጮኹ፣ ባለድርሻ አካል ብሎ ነገር ጠፋብኝና እንደ ልጅ አለቀስሁ።

በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሳሳ ሲል በእጃቸው ጠሩኝ። ጠጋ አልሁ።

«አካፋ አዘጋጅተሃል?» አሉኝ።

«የምን አካፋ?»

«የእሑዱን ነዋ። ከዶማው ጋር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። «አንብበውት ነበር?»

«የመሪጌታ ልጅ ነኝ እኮ። ዳዊቱን በቃሌ የምለው መስሎህ ነበር? አንተ በር ሳልደርስ በመነጽሬ አንብቤዋለሁ።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሰበሰቡ። «ብቻዬን ከመርዶው ጋር ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ፤ ሰው በአፉ ይንገረኝ ብዬ ነው የመጣሁት። አንተ አካፋ አልኸኝ። ላብህን ሳየው፣ ይሄ ምስኪን፣ ልጄ እስክትደርስልኝ ሊያቆይልኝ ነው አልሁ። እሷም መንገድ ላይ ናት፤ እናቴ ሰምታ ብቻዋን ሆነች ብላ ስትጨነቅ ከምትመጣ፣ አልሰማችም ብላ ትምጣ። ሽማግሎቹም የለመዱትን ያድርጉ።»

ያን ሁሉ ሰዓት! ራት ሠርተው፣ ስለ ተማሪ ጠይቀው፣ አግዳሚ ደርድረው! እኔ ሁኔታውን ተቆጣጥሬዋለሁ ብዬ ተኝቻለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ውሸታም እንዳትባል ለሰፈሩ ሴቶች ነግሬያቸዋለሁ። እሑድ ቦይ ይጠረጋል።»

ተጠረገ። ሰፈሩ በሙሉ አካፋ ይዞ ወጣ፤ ጥልቁን ቦታ በሙሉ ድምፅ ለእኔ ሰጡኝ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ሚስቴ ፎቶ አንስታኝ ግሩፑ ላይ ለጠፈችው። እንደ ደንቡ አጣራሁት። ሰውየው እኔ ነኝ፣ ጭቃውም ጭቃ ነው። አጸደቅሁት።

ከሥሩ እትዬ ዘውዴ በዚያ ግሩፕ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፉ፦ «ሸጋ ነው። ጥጉ ግን ቀርቷል።»

አካፋዬን ይዤ ተመልሼ ገባሁ።