እንቅልፍ ያላስጨረሰኝ ፊልም

ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚተኙ ሰዎች አሉ። የግቢያችንን ዘበኛ ሙቲሶን ማለቴ አይደለም፤ እሱስ ቢያንስ ቁጭ ብሎ ነው የሚተኛው። እኔ የምላችሁ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ተደርድረው የሚጋደሙትን ነው። ፊልም ላይ ናቸው። ሥራቸው መተኛት ነው። ተኝተው የሰው ህልም ውስጥ ይገባሉ፤ እዚያ ከገቡ በኋላ እንደገና ይተኛሉ፤ ሁለተኛው ህልም ውስጥ ሲደርሱም አረፍ አይሉም፣ አሁንም ይተኛሉ። እንዲህ እያሉ እንደ ምድር ቤት ደረጃ ቁልቁል ይወርዳሉ። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ጊዜ ሽንት ቤት የሚሄዱት መቼ ነው? ብዙ ሰው ጠይቄ የመለሰልኝ የለም።

ፊልሙን የሚወደው ባለቤቴ ጌታቸው ነበር። እዚህ ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ሰፈር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አስተርጓሚ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው አማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ የሰው እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲያመላልስ ይውላል። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ውሎ ቤቱ ሲገባ ዝም ይላል። እሱ ግን ማስረዳት አይበቃውም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ምሳ በልተን፣ ሶፋው ላይ እንደተቀመጥን ያንን ፊልም ይከፍታል። እኔም ሱፍ ለባሾቹ የመጀመሪያውን እንቅልፍ ሳይተኙ ቀድሜያቸው እተኛለሁ። ስነቃ የተዋንያኑ ስም ወደ ላይ እየሄደ ነው።

"ዋናው ቦታ ላይ ተኛሽ" ይለኛል።

"ታዲያ ለምን አልቀሰቀስከኝም?"

ማንዳዚውን እየገመጠ ማስረዳት ይጀምራል። የሚያስረዳው በሻይ ኩባያዎቼ ነው። አንዱን በአንዱ ላይ ይከምራቸዋል። የላይኛው እኛ ያለንበት ዓለም ነው፣ ከሥሩ ያለው ፊልሙ ላይ ያለው ሽማግሌ ህልም ነው፣ ከዚያ ሥር ደግሞ የህልሙ ህልም። እኔ ዓይኔ ኩባያዎቹ ላይ ነው፤ ይሰብራቸዋል ብዬ።

"ኩባያውን ተዪውና ፎቁን እዪ። አሁን በየትኛው ፎቅ ላይ ነን?"

"ሦስተኛ" እለዋለሁ ሁልጊዜ። ኪሌሌሽዋ የምንኖርበት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ነው። ልጃችን ማህሌት ትስቃለች። እሱ አይስቅም። ልክ ነሽ ብሎኝም አያውቅም።

ጌታቸው ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ኩባያዎቹ ግን በእሱ እጅ አንዳቸውም አልተሰበሩም። ይህን የምጽፈው እነሱን ባየሁ ቁጥር የማስታውሰው ነገር እንዳይጠፋብኝ ነው። አሁን ወደ ተናደድኩበት ጉዳይ ልምጣ።

ለቅሶ የሚደርስ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። አንዱ ስኳር ይዞ ይመጣል፣ አንዱ እንጀራ፣ አንዱ ወጥ። እግዜር ይስጣቸው። ከአርባው በኋላ ግን ሰዉ ህልም ይዞ መምጣት ጀመረ። ጌታቸውን በህልሜ አየሁት። ነጭ ለብሶ። ለምለም መስክ ላይ። ፊቱ እያበራ። ህልም ሲነገራችሁ "በጎ ነው" ማለት ደንብ አይደል? እኔም ጥርሴን ነክሼ በጎ ነው እላለሁ። ግን እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ በሕይወቱ ነጭ ሱሪ አጥልቆ የማያውቅ ሰው ከሞተ በኋላ ልብሱ ሁሉ እንዴት ነጭ ሆነ? ማንስ ያጥብለታል? አንዷ ደግሞ በሰው ሠርግ ላይ አንዴ ሰላም ያለችው ሴት ናት። ለእሷም ሄዶላታል። ፈገግ አለልኝ ብላ ስትነግረኝ እንደምንም ሻይ ቀዳሁላት።

ህልም ያላመጣችልኝ ጓደኛዬ ለተብርሃን ብቻ ነበረች። ለተብርሃን ኤርትራዊት ናት፤ ያደገችው ግን አዲስ አበባ፣ ከጌታቸው ቤተሰቦች ጋር አጥር ለአጥር ነው። ትመጣለች፣ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ ታወራኛለች፣ ትሄዳለች። እንዴት እንደምወዳት።

ሙቲሶ እንኳ አየው። አንድ ጠዋት በሩ ላይ አስቆመኝና "ማማ፣ ምዜን በህልሜ አየኋቸው" አለኝ። እዚህ አገር የተከበረ ሽማግሌ ሁሉ ምዜ ነው። በሩን ከፍቶለት፣ ሰላም ተባብለው፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ጠይቆት ሄደ አለኝ።

"እና ወደ ላይ አልወጣም?"

ትንሽ አሰበና "ሊፍቱ ተበላሽቷል እኮ ማማ" አለኝ፤ ከልቡ አዝኖ።

እውነት ነው፣ ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል። ጌታቸው ጉልበቱን ያመው እንደነበርም አውቃለሁ። ቢሆንስ? ከዚያ ዓለም ድረስ የመጣ ሰው ለሦስት ፎቅ ብሎ ከበር ይመለሳል?

እኔ አላየሁትማ። አንድ ቀን እንኳ። ይህ ባልከፋ፤ የከፋው የታላቅ እህቱ የእትዬ ዘነበች ነገር ነው። አዲስ አበባ ናቸው፣ እርጅናው ከአልጋ አውሏቸዋል፣ በየእሁዱ ይደውላሉ። ደኅና ነሽ ወይ የለ፣ ማህሌት እንዴት ናት የለ። መጀመሪያ የሚጠይቁት "አየሽው?" ብለው ነው። አላየሁትም እላለሁ። አንድ እሁድ ግን በዚህ አልተመለሱም። የቤት ሰው በህልሙ ካላየው ተቀይሞ ሄዷል ማለት ነው ሲባል ሰምቻለሁ አሉኝ፤ ደግሞም እኔ እህቱም አላየሁት፣ ምን አስቀይመነው ይሆን ብለው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ፈተና ሆነብኝ። ስተኛ እንዳጠና ተማሪ ተዘጋጅቼ፣ ስነሳ እንደወደቀ ተማሪ። ምን እንደማይ ልንገራችሁ? ቲማቲም። ዌስትላንድስ መንገድ ላይ የቆመ ማታቱ፣ የዚህ አገር ሚኒባስ ታክሲ፣ ያውም የማይንቀሳቀስ። አንድ ጊዜ የውሃ ቆጣሪ አይቻለሁ። ቆጣሪ ከሚመጣልኝ ባሌ ቢመጣ ምን ነበረበት? ተቀይሞኝ ይሆን?

ስለዚህ አሰብኩ። ህልም ውስጥ መግባት ሥራቸው የሆኑት እነዚያ ሱፍ ለባሾች ናቸው። ሰው አጥተው አያውቁም፤ የፈለጉትን ፈልገው ያገኛሉ። እንግዲያው ከባለሙያ ልማር አልኩ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ማህሌትን ሶፋው ላይ አስቀምጬ ያንን ፊልም ክፈቺልኝ አልኳት። እስከ መጨረሻው ላልተኛ ምዬ። ማህሌት ደነገጠች፤ ግን ከፈተችው።

ማህሌት ያደገችው ናይሮቢ ነው። አማርኛዋ ደኅና ነው፤ መሀል መንገድ ላይ ግን ትጥለውና በሌላ ትሳፈራለች። "ማሚ፣ ሊስን። እዚህ መርከቡ ላይ የተኙት ሌቭል ዋን ናቸው፣ ሳዋ?"

"ሳዋ" አልኳት፤ እሺ ማለት ነው።

"ፍርድ ቤቱ ሌቭል ቱ ነው። መርከቡ ሲያዘነብል ፍርድ ቤቱም ያዘነብላል።"

እውነትም ፍርድ ቤቱ አዘነበለ። ዳኛው ከነወንበራቸው ተንሸራተው ግድግዳ ጋ ደረሱ። ችሎቱ ግን አልተቋረጠም። "ምን ፈልገው ነው ይህን ሁሉ የሚሆኑት?" አልኳት።

"ሽማግሌው የደበቀውን ቁልፍ።"

"የምን ቁልፍ?"

"ኢት ዳዝንት ማተር፣ ማሚ።"

እንዴት አይጠቅምም? ለቁልፍ ከሆነ ቁልፍ ሠሪ አይጠሩም? ከገበያው ጥግ ቁጭ ብሎ የሚውለው ሰውዬ በአንድ ሻይ ጊዜ ይከፍትላቸው ነበር። ማህሌት ፊልሙን አቆመችና ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ቀጠልኩ። ከምላሳቸው ሥር የሚያደርጉት ሰማያዊ ጠብታ ከየት ይገኛል? ከተኙ በኋላ የሚፈልጉትን ሰው መልክ በልባቸው ይይዛሉ ወይስ ስም ይጠራሉ? ሰውየው ካልመጣስ ማንን ያናግራሉ?

"ማሚ፣ ኢትስ አ ሙቪ። ለምንድን ነው እንደዚህ የምትጠይቂው?"

"አባትሽን ላገኘው ፈልጌ ነው።"

ሪሞቱን አስቀመጠች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ "እኔም አላየሁትም" አለችኝ። ለማንም አልተናገረችም ነበር። ትራሱን አቀበለችኝ፤ ተጠጋኋት፤ ፊልሙን ቀጠልን። አራተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ በረዶ የመሰለ ነገር ነበር፣ ወይም ጥጥ።

ስነቃ ስሞች ወደ ላይ እየሄዱ ነበር።

"ለምን አልቀሰቀስሽኝም?" አልኳት ተናድጄ።

"አይ ዶንት ኖው። ልማድ ሆኖብኝ።" ቴሌቪዥኑን አጠፋችና "አየሽው?" አለችኝ።

"አላየሁትም። መርከብ ነው ያየሁት።"

በማግስቱ እትዬ ዘነበች ደወሉ። ድምፃቸው ደክሟል። "አየሽው?" አሉኝ። አየሁት አልኳቸው። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፤ አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ወደ ኋላ ማለት የለም።

"እንዴት ሆኖ? ነጭ ለብሶ?"

ነጭ ላለብሰው አልቻልኩም። "ግራጫ ሹራቡን ለብሶ። ክርኑ ላይ የተቀደደውን።"

"ምነው ሳትሰፊለት?"

"እምቢ ብሎኝ ነው እትዬ።"

"እሱማ ከልጅነቱ ነው። ምን ያደርጋል?"

"ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ፊልም ያያል። ማንዳዚ ይበላል።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"እንደ ቦምቦሊኖ ያለ ነው።"

"በላ? ጠገበ?" ጠገበ አልኳቸው። ምን አለሽ አሉኝ። በየትኛው ፎቅ ላይ ነን ብሎ ጠየቀኝ፣ ሦስተኛ አልኩት፣ ልክ ነሽ አለኝ አልኳቸው። መዋሸቴ ካልቀረ ልክ ነሽ የምትለውን ለራሴ ጨመርኳት። ከዚያ "በጎ ነው። አልተቀየመንም" አሉ፤ አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። ስልኩን ስዘጋ ያዘንኩት ስለዋሸሁ አልነበረም። እንደዚያ ቁጭ ብሎ አይቼው ስላልነበር ነው።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ለተብርሃን ደረጃውን ወጥታ እያለከለከች ገባች። ውሃ ጠጣች። ስለ ሽንኩርት አላነሳችም። ማህሌት ሻይ እየቀዳች ነበር።

"አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ እንዳትቆጪኝ" አለች። "ጌታቸውን አየሁት።"

አንቺም? አልኩ በሆዴ።

"ግራጫ ሹራብ ለብሶ፣ እዚህ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ፊልም ያያል።"

ገባኝ። ለተብርሃን ከእትዬ ዘነበች ጋር እስከ ዛሬ ትደዋወላለች። የራሴው ዕቃ ነው ዞሮ ቤቴ የገባው። ማንዳዚውም አልቀረም፣ በእጁ ይዟል አለችኝ። ይህን የሰማሽው ከእሳቸው ነው ልላት አፌ ላይ ደረሰ፤ ግን ደንብ ነውና "በጎ ነው" አልኳትና ስለ ፎቁ የሚመጣውን ጥያቄ እጠብቅ ጀመር። ጥያቄው ግን አልመጣም።

"አንቺም ነበርሽ" አለች።

"እኔ?"

"ከጎኑ። እግርሽን ጭኑ ላይ ዘርግተሽ ተኝተሻል። ምን ዓይነት ሴት ናት፣ ባሏ መጥቶ ትተኛለች ብዬ ልቀሰቅስሽ እጄን ስዘረጋ ያዘኝ። 'ተያት፣ ትተኛ። ስትነቃ እነግራታለሁ' አለኝ።"

ማህሌት ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ሻዩ ከኩባያው አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሶ ነበር።

ለተብርሃን እንደሄደች ማህሌት ወደ እኔ ዞረች። "ማሚ፣ ዳዲ በየእሁዱ እንደዚያ ነበር የሚለኝ። ልቀሰቅስሽ ስል። ኤክዛክትሊ እንደዚያ።"

"ነግረሻታል?"

"ኔቨር። ለአንቺም ነግሬሽ አላውቅም። አንቺ ነሽ የነገርሻት?"

"እኔ ከየት አውቄው? ተኝቼ ነበር እኮ።"

እንግዲህ እስቲ እናንተ አስረዱኝ። እኔ የፈጠርኩት ህልም ከኪሌሌሽዋ ተነስቶ አዲስ አበባ እትዬ ዘነበች አልጋ ድረስ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ለተብርሃን ጆሮ ተመለሰ፤ ለተብርሃን ይዛው ተኛች፤ ስትነሳ እኔ ያላስቀመጥኩበት፣ እኔ የማላውቀው የባሌ ቃል ውስጡ አለ። ይህ ስንተኛው ፎቅ ነው? ማህሌትን አስረጂኝ አልኳት። ኩባያዎቹን አመጣችና መከመር ጀመረች። ይሄ አንቺ ነሽ፣ ይሄ እትዬ ናቸው፣ ይሄ ለተብርሃን። አራተኛውን ስታስቀምጥ ሁሉም ተናደና የአንዱ ጆሮ ተሰበረ። ጌታቸው ያን ሁሉ ጊዜ ከምሮ ያልሰበረውን። "ማሚ፣ ይሄ ሙቪው ላይ የለም" አለችኝ።

ለተብርሃንን እውነት አይተሽዋል ወይስ ልታጽናኚኝ ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። አልጠይቃትምም። እኔ ራሴ ዋሽቼ በምን አፌ እጠይቃታለሁ? እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሰውየው መጥቷል። ጉልበቱን እያመመው ሦስት ፎቅ ወጥቷል። ሶፋዬ ላይ፣ በቀዳዳው ሹራብ፣ አጠገቤ ተቀምጧል። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ እግሬ ጭኑ ላይ ነበር። እና ምን አደረግኩ?

እሁድ እትዬ ዘነበች ደወሉ። ድምፃቸው ጠንከር ብሏል፤ ምሳ በልተዋል።

"በዚህ ሳምንትስ አየሽው?" አሉኝ።

"አይ እትዬ" አልኳቸው፤ "እሱስ መጥቶ ነበር፤ ተኝቼ አመለጠኝ።"