የምድጃው መርማሪ

መጀመሪያ የቀኝ እጁን አይበሉባ ከምድጃው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ያሳርፍና በልቡ እስከ አሥር ይቆጥራል። ቀጥሎ ክርኑን ከጉልቻው አስጠግቶ ከምድጃው እስከ ግድግዳው በክንድ ይለካል፤ አንዴ ለክቶ አያምንምና ይደግማል። ከዚያ በርጩማ ላይ ይወጣል። ከጣራው አንዲት ሰበዝ ሳር ይመዛል፣ በሁለት ጣቱ ያሻል፣ ያሸታል። በመጨረሻ አመዱን በእንጨት ገልጦ የተዳፈነ ፍም ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ሲጨርስ እጁን አራግፎ፣ «እሳት ቀጠሮ አይሰጥም» ይላል።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መንደር የለም። እንደምን አደራችሁ ስትሉት ዓይኑ ከጣራችሁ ላይ ነው። ለደባርቅ የደረሳት አያ ይግዛው ነው፤ ሙያው አናጺ፣ ማዕረጉ ክቡር የምድጃ መርማሪ። ማዕረጉን የሰጠችው ጠላ ሻጯ ገበያነሽ ናት፣ ምድጃዋን ሦስተኛ ጊዜ ሲለካባት።

«አያ ይግዛው፣ ዛሬ ምድጃዬን ለካህ፤ ነገ ደግሞ ወገቤን ልትለካ ነው?»

ጠጪው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ስንዝር ይጎድለዋል» አለ፤ ስለ ምድጃው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጎንደር ነው። አያ ይግዛው እዚያ በር ሲሠራለት የነበረ አንድ ነጋዴ ሱቁ ነደደ። ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው መጥቶ ፍራሹን ለካ፣ ጻፈ፣ ሄደ። ሱቁ ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ቆመ። «ማን አቆመልህ?» ቢለው፣ «መድን» አለው፤ ብዙ ሰው ሳይቃጠልበት በፊት እያዋጣ፣ ለተቃጠለበት እንደሚደርስ አስረዳው። «ለሳር ቤትስ?» ሲለው ነጋዴው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

አያ ይግዛው ደባርቅ ተመልሶ፣ በ1972 ዓ.ም. ጎረቤቶቹን ሰበሰበ። «ለሬሳችን እድር አለን፤ ሬሳ ደግሞ ብርድ አይሰማውም። ለቤታችን ግን የለንም» አላቸው። አርባ አባወራ ገባ። መዋጮው አንድ ቤት ሲቃጠል ከየቤቱ ሁለት እንጨት፣ አንድ ሸክም ሳር፣ የአንድ ሰው ጉልበት። ለማስጠንቀቂያ ፊሽካ ቢጠይቅ ቀበሌው ፊሽካ የጥበቃ ነው ብሎ ከለከለው፤ የተቀደደ በርሜል ደጁ ሰቅሎ እሱን ሊደበድብ ወሰነ።

ደንቡን የጻፉት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። ከምድጃ እስከ ግድግዳ ሁለት ክንድ። ትኩስ አመድ አጥር ሥር አይደፋም። ሦስተኛው ላይ ብዕራቸው ቆመ፦ የመስቀል ችቦ ከደጃፍ አያልፍም።

«ችቦ እኮ በረከት ነው፣ ይግዛው። አባቶቻችን ምሰሶውን ሲነኩበት የኖሩት በከንቱ ነው?»

«ደጃፍ ላይ ሆኖ ያብራ፣ መሪጌታ። ብርሃን እንደሁ በር አይከለክለውም።»

እያጉረመረሙ ጻፉት። ደንቡን ጥሶ ቤቱ የተቃጠለበት አባል ይሰረዛል፣ አይሠራለትም የሚለውንም ከሥሩ ጨመሩ።

በ1973 የመስቀል ማለዳ አያ ይግዛው ችቦውን እያበራ ከደጁ ቆሟል። ውስጥ ሚስቱ አረጋሽ አለች፣ ከታቀፈቻት ልጅ ጋር። ሁለት ጊዜ አስወርዷት በሦስተኛው፣ በነሐሴ ያገኟት ልጅ ናት። አባቱም አያቱም በዚህ ቀን ምሰሶ ሳይነኩ ቀርተው አያውቁም። በልጂቱ የመጀመሪያ መስቀል ይህ ወግ ይቅር? «የከለከልኩት የማያውቁትን ነው» አለ በልቡ፤ «እኔ ሳሩ የት ድረስ እንደወረደ አውቃለሁ፤ የከደንኩት እኔ ነኝ።»

ገባ። «ጎመን ውጣ፣ ገንፎ ግባ!» ብሎ ምሰሶውን መታ። የስሜን ነፋስ በተከፈተው በር ተከትሎት ገባ። ሳሩ ያዘ። እናትና ልጅ ወጡ፤ ቤቱ ግን ገንፎው ሳይቀርብ አመድ ሆነ። በርሜሉን የደበደበችው ገበያነሽ ናት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አርባው ተሰበሰበ። የጥቅምት ውርጭ ሳይገባ ለአራስ ልጅ ጣራ መገኘት አለበት። ገበያነሽ ቀድማ ተነሣች።

«እሳቱ የተነሣው ከምድጃው ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። ምድጃው ደግሞ ልኩን የጠበቀ ነው፤ የሱ ነዋ!»

«ከምድጃው አይደለም» አለ አያ ይግዛው። «ችቦ አስገብቻለሁ።»

«ዝም በል አንተ ሰው!»

«መሪጌታ፣ ሦስተኛውን ያንብቡልን።»

መሪጌታ ከራሳቸው በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ አነበቡ። ወዳጁን ሜዳ ላይ መጣል የፈለገ የለም፤ ዛሬ ከታለፈ ደግሞ ነገ ምድጃውን የሚያስለካ አይኖርም።

አረጋሽ ልጇን እንደታቀፈች ተነሣች።

«ችቦውን ያስገባው እሱ ነው። እኔ አላስገባሁም። ሴት እኩል ናት እያላችሁ በየስብሰባው ታስጨበጭቡን የለ? እንግዲያው የቤቱ እኩሌታ የኔ ነው። እኩሌታውን ሥሩልኝ።»

መሪጌታ ወደ አያ ይግዛው ዞሩ።

«ይግዛው፣ አባል ባትሆንም ባለሙያ ነህ። ግማሽ ጎጆ ይቆማል?»

አያ ይግዛው አሰበበት። ወራጁን፣ ማገሩን፣ ምሰሶውን በልቡ አቆመ፤ ከመሐል ሰነጠቀው።

«አይቆምም» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«እንግዲያው ሙሉውን እንሠራለን» አሉ መሪጌታ፣ መዝገቡን ገልጠው። ስሙን ሰረዙ። በምትኩ፦ «ወይዘሮ አረጋሽ፣ ከአንዲት ልጅና ከአንድ ጥገኛ ጋር» ብለው ጻፉ።

ቤቱ በዘጠኝ ቀን ቆመ። ጥገኛው ጭቃ ሲያቦካ ዋለ፤ ክዳኑን ለሌላ ሰው ተወ።

ዛሬም አባል አይደለም፤ ምድጃ መለካቱን ግን አልተወም፣ የከለከለውም የለም። ሳያልፍ የቀረ እንደሆነ ገበያነሽ ራሷ «ክቡር መርማሪ ታመሙ ወይ?» ብላ ሰው ትልካለች።

መስቀል ሲደርስ ግን እንቅልፍ ያጣል። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ሁሉ አንድ ልመና አለው። በመስከረም ወደ ዛሪማ የምትወርዱ ከሆነ ደባርቅ እደሩለት፤ የመስቀል ዕለት በማለዳ ከደጁ ቁሙለት።

«ልጂቱ እግር አውጥታለች» ይላል። «ችቦ ይዤ ስታየኝ ቀሚሷን እየረገጠች ወደ ምሰሶው ትጎትተኛለች። እኔ እንደሁ ራሴን አይቼዋለሁ። እባካችሁ፣ ችቦውን ከእጄ ተቀበሉኝ። እምቢ ካልኩ ንጠቁኝ።»