ባንኩ የወቃው ስንዴ

ዋስ የማይጠየቅበት ጉዳይ አገራችን ውስጥ ቢፈለግም አይገኝም። ቤት ለመከራየት ዋስ፣ ሥራ ለመቀጠር ዋስ፣ ከጎረቤቱ ተጣልቶ ቀበሌ ለቀረበም ሰው ዋስ። እርስዎም መቼም አንድ ቀን «ችግር የለም፣ እኔ አለሁ» ብለው ፈርመው፣ ከዚያ ወዲያ ያስፈረመዎት ሰው ከሩቅ ሲያይዎት መንገድ ሲቀይር ታዝበው ይሆናል። የዋስትና ፈንድ የተፈጠረው ይህን ጣጣ ለማቅለል ይመስለኛል። መያዣ የሚሆን ቤት ለሌለው አነስተኛ ነጋዴ ፈንዱ ዋስ ይሆነዋል፤ ነጋዴው መክፈል ሲያቅተው ደግሞ ከቀረው ዕዳ ግማሹን ለባንኩ ይከፍላል። ፈንድን በይሉኝታ የሚይዘው ሰው የለም። ለቅሶ አይደርስማ።

እኔ አሰላ ውስጥ ባለ አንድ ባንክ የተበላሸ ብድር አስመላሽ ነኝ። ሙያዬን ለማወቅ መታወቂያዬን ማየት አያስፈልግም፤ ካፌ ስገባ ማኪያቶውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ የሚወጣውን ሰው ማየት ይበቃል። እንግዲህ ከዚህ ወንበር ላይ ሆኜ የታዘብኩትን ላጫውትዎት። ዋስትናው ሁለቱንም ወገን ያስተኛል። ተበዳሪው «ፈንዱ ከፈለልኝ» ብሎ ይተኛል፤ አልተከፈለለትም፣ ዕዳው እንዳለ ነው። ባንኩም «ግማሹ እንደሆነ አይቀርብንም» ብሎ ይተኛል። ፈንዱ ግን ዝም ብሎ ገንዘብ አያወጣም፤ «ንብረቱን ይዛችኋል? ለሐራጅ አውጥታችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ እንይዛለን። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ የምንይዘው ያዙ ለመባል ነው።

የዘይነባን ማሽን የያዝነውም እንዲሁ ነው። ዘይነባ ከመለዋወጫ ሱቋ ተነስታ፣ በፈንዱ ዋስትና ተበድራ፣ በትራክተር የሚጎተት የስንዴ መውቂያ የገዛች የከተማችን ሴት ናት። ማሽኑ ጎበዝ ነው። እሷም ጎበዝ ናት፤ አንድ ነገር ብቻ አይሆንላትም፣ የሠራችበትን ገንዘብ መጠየቅ። ገበሬው ያስወቃል፣ «ዋጋ ሲወጣ ሸጬ እከፍልሻለሁ» ይላል፣ እሷ «ኢንሻአላህ» ብላ ወደሚቀጥለው ማሳ ትሄዳለች። አባቷ ሲሞቱ ድንኳን የተከለላትን ሰው በምን አፏ ትጠይቀው? ስንዴው ተሸጦ፣ ተፈጭቶ፣ ተበልቶ አለቀ። የእሷ ውዝፍ ዕዳ ብቻ ቀረ።

በመጀመሪያው ሐራጅ ቀን ከከተማው ሰው አንድም የመጣ የለም። የጎረቤትን የተያዘ ዕቃ ገዝቶ በጎረቤት ደጃፍ ማለፍ አሰላ ላይ ቀላል ነገር አይደለም። የመጣው አንድ የአዳማ ብረታ ብረት ነጋዴ ብቻ ነው። ማሽኑን ዞሮ ዞሮ በጣቱ አንኳኳና «ስንት ኪሎ ይመዝናል?» ብሎ ጠየቀኝ። ዋጋ ሳይሰጥም ሄደ። ብልጥ ነው፤ በሁለተኛው ሐራጅ መነሻ ዋጋ እንደማይኖር ያውቃል። ያኔ ማሽኑ በብረት ሒሳብ ይሸጣል፣ ዘይነባ ሥራዋን ታጣለች፣ ዕዳዋ ግን ከእነ ወለዱ ይከተላታል። የነጋዴውን ጥያቄ ዘይነባ በር ላይ ቆማ ሰማች። ሁለተኛው ሐራጅ ገና ሳምንታት ይቀሩታል፤ ስንዴው ደግሞ መድረስ ጀምሯል።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጃችን ቢሮ ገባች። አቶ ታደለ እጅግ ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ ለመሳቅ እንኳ መጀመሪያ ግራ ቀኝ ያያሉ።

«ማሽኑን መልሱልኝ አላልኩም፣ ጋሼ» አለች። «ያዙት። ጠብቁት። ግን ማሳው ላይ ሆናችሁ ጠብቁት። እሱ ይውቃ፣ ክፍያው እናንተ ጋ ይግባ። ለሐራጁ ቀን ራሴ ጎትቼ አመጣዋለሁ፣ ወላሂ!»

አቶ ታደለ ወደ እኔ ዞሩ። ደንባችን የተያዘ ንብረት ከባንኩ ጥበቃ ዓይን እንዳይርቅ ያዛል፤ ጥበቃው የት እንደሚቆም ግን አይናገርም። ዋናው መሥሪያ ቤት ሕግ ክፍል ስንደውል «ክልክል ነው አንልም፣ ይቻላልም አንልም፤ ብቻ በደብዳቤ እንዳትጠይቁን» አሉን። አቶ ታደለ ስልኩን ዘግተው ጣሪያውን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ «እዚህ ቆሞ ከሚዝግስ» አሉና የጥበቃ ሠራተኛችንን ጋሽ ደቻሳን አስጠሩ።

ጋሽ ደቻሳ የባንኩን ዩኒፎርም እንደለበሱ፣ ቆባቸውን እንደደፉ፣ ዱላቸውን ይዘው ከማሽኑ ጋር ወጡ። እህሉ ቀድሞ የሚደርሰው ቆላው ኦጎልቾ ነውና ከዚያ ጀመሩ። እሳቸው ከማሽኑ አጠገብ ወንበር አስወጥተው ይቀመጣሉ፤ ሌላ ሥራ የላቸውም። ገበሬው ግን ግራ ገባው።

«ባንኩ መውቃት ጀመረ እንዴ?»

«አኒ ሂንቤኩ» ይላሉ ጋሽ ደቻሳ። «አላውቅም። እኔ ጠባቂ ነኝ።»

እውነታቸውን ነው። ነገር ግን «አላውቅም» የሚል የባንክ ሰው ከሚያውቀው ይበልጥ ያስፈራል። «ዋጋ ሲወጣ» የሚለው ቃል ከኦጎልቾ ጠፋ። ስንዴው ከማሽኑ ሲወርድ ክፍያው በስልክ ባንኩ ይገባል። ሁሩታ ሲደርሱማ የአምና ባለዕዳዎች ሳይጠሩ መጡ። አንድ ሽማግሌ የካቻምናውን ከፍለው ሲያበቁ ጋሽ ደቻሳን ወደ ጥግ ወስደው «በሬዎቼን አትይዙም አይደል?» አሏቸው።

«አኒ ሂንቤኩ።»

ዘይነባ በዚያ መኸር አንድም ሰው ገንዘብ አልጠየቀችም። እኔ ቢሮ ተቀምጬ ገንዘቡ ሲገባ አያለሁ። ደስታዬን አልደብቅዎትም፤ በዚህ ሥራ ዘመኔ ሰው ሳያለቅስ ብድር ሲመለስ ያየሁት ያኔ ነው።

የሁለተኛው ሐራጅ ቀን የአዳማው ነጋዴ የጭነት መኪናና ጫኝ ይዞ መጣ። ቆይቶ የትራክተር ጡሩምባ ተሰማ። ማሽኑ መጨረሻ ከወቃበት ከደጋው ጎበሳ፣ ገለባ እንደለበሰ ግቢያችን ገባ፤ ጋሽ ደቻሳ ፀሐይ አክስሏቸው ትራክተሩ ላይ ከሹፌሩ ጎን ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፣ ዘይነባ ከኋላ በእግሯ ትከተላለች። በመጀመሪያው ሐራጅ ዝር ያላለው የከተማ ሰው ዛሬ ግቢውን ሞላው። ውዝፉ ከእነ ወለዱ ተከፍሎ አልቋል፤ አቶ ታደለ ሐራጁ መሰረዙን ሲያስታውቁ እልልታው አስፋልት ማዶ ተሰማ። ነጋዴው ባዶ መኪናውን አዙሮ ሄደ። እኔም ለፈንዱ አቅርበነው የነበረውን የካሳ ጥያቄ መተዋችንን ጻፍኩ። ከፈንዱ ተደወለልኝ። «ተሳስታችሁ ነው?» አሉ፤ አትክፈሉን ያላቸው ባንክ የለም መሰለኝ። አቶ ታደለ ይህን ሲሰሙ ግራ ቀኝ ሳያዩ ሳቁ።

በሳምንቱ ዘይነባ ተመልሳ መጣች። ልታመሰግን ነው ብዬ ትሑት ፊቴን አዘጋጀሁ።

«ለከርሞ መኸር ሲደርስ» አለች፣ «ማሽኑን እንደገና ብትይዙብኝስ?»

«ውዝፍ የለብዎትም እኮ፣ ወይዘሮ ዘይነባ!» አሉ አቶ ታደለ። «በምን ምክንያት እንይዛለን?»

ዘይነባ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች።

«ክፍያውን ትንሽ አዘገይላችኋለኋ!»

አቶ ታደለ እንደ ልማዳቸው ጣሪያውን አዩ። በሩ ላይ የቆሙት ጋሽ ደቻሳ ግን ሰምተው ኖሮ፣ ለከርሞው እንደሚዘጋጅ ሰው ቆባቸውን አውልቀው የቀረውን ገለባ ማራገፍ ጀምረዋል።