ጅቡ ከተረት የወጣ ለት

ተረት ሁሉ ሥራን ያመሰግናል ይባላል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ የኖርኩት ሌላ ነው፤ ጅቡ ሲቆፍር ወገቡ ይቆረጣል፣ አዝመራውን የምትበላው ጥላ ሥር የተጋደመችው ቀበሮ ናት። ከዚያ ተራቹ ጉሮሮውን ይጠርግና «ስለዚህ ልጆች፣ ታታሪ ሁኑ» ይላል። ይህን የሚያምን ልጅ አይታችኋል?

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ እኔም የተሳሳትኩት። ቤቴ ፈላና በር ከሚባለው የከተማው ግንብ በር አጠገብ ነው፤ ጓሮዬ ውስጥ ሁለት በሬ ቢተኛባት የምትሞላ መደብ አለችኝ። ጎረቤቴ አይ ዘይነብ፣ በከተማው ሰዎች ቋንቋ «አይ» እናት ማለት ነው፣ ሶፊ ካለው እርሻቸው የበርበሬ ችግኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አመጡልኝ። «ነገ ካልተተከለ ይሞታል፤ ከሞተ ደግሞ ወላሂ፣ ሁለተኛ ቅጠል አልሰጥሽም» አሉኝ። አይ ዘይነብ ወላሂ ካሉ ደግሞ ነገሩ አበቃ፤ ይግባኝ የለውም።

መደቧ ግን አልተቆፈረችም። ባለቤቴ ዳዊቱን ሲደግም ከጀርባው ቆሜ ፊደል የሰረቅሁ ሴት ነኝ፤ ያን ሰሞን መጽሐፍ ተውሼ ነበርና የያዝኩበትን እጅ ለዶማ ላበድር አልፈለግሁም። ስለዚህ ልጄን አልጋነሽንና የአይ ዘይነብን የልጅ ልጅ ዘሃራን ጠርቼ ተረት ጀመርኩ። ሰነፏ ቀበሮ ጅቡን «ጓሮዬ ውስጥ የሰባ በሬ ተቀብሯል» አለችው፤ ጅቡ ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር ቆፈረ፤ በሬ የለም፤ ቀበሮ ዘሯን ዘራች። መጨረሻው ላይ ቀበሮዋን በረሃብ ልገድላትና ልጆቹን ዶማ ላስጨብጣቸው ነበር ሐሳቤ። እዚያ ሳልደርስ አይ ዘይነብ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ሰሙኝ።

«አስተግፍሩላህ፤ ወራባን ነው ሞኝ የምትዪው?» አሉ። ወራባ የሚሉት ጅቡን ነው። «እናንተ በሩ ከተዘጋ ውጭ ትቀራላችሁ፤ እሱ ግንቡ ላይ የራሱ ቀዳዳ አለው። በዓመት በዓመት ገንፎ በቅቤ እናበላዋለን። በእናንተ አገር ሞኝ ይሁን፤ እዚህ ጎረቤት ነው።»

«ታዲያ አይ፣ ተረቱ ያለ ሞኝ እንዴት ይሂድ?» ብላቸው፣ «ሞኝ አይጠፋም፣ ፈልጊ» ብለውኝ ገቡ። ልጆቹም ተበተኑ፤ ቀበሮዋም ሳትሞት ቀረች። ጉድ ያመጣብኝ የእሷ መትረፍ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አልጋነሽ አንገቷን ደፍታ መጣች። ከዘሃራ ጋር ሰርግ ሲጫወቱ የብር ጉትቻዬን መደቧ ውስጥ ቀብረውት፣ የቱ ጋ እንደሆነ ጠፋቸው አለችኝ። የእናቴ ጉትቻ፣ ከሸዋ በበቅሎ የመጣ! ዶማውን እንዴት እንዳነሣሁት አላውቅም። ጓሉን በእጄ እያደቀቅሁ፣ ድንጋዩን እየለቀምኩ ቆፈርኩ። ሁለቱ ከዘይቱኑ ሥር ተቀምጠው ፍሬውን እየገመጡ፣ «እዚያ ጋ ጠለቅ አድርጊው፣ እማዬ» ይሉኛል። አንዴ እንኳ «እናግዝሽ» አላሉም፤ መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነበር። ፀሐይ አናቴ ላይ ስትደርስ ጉትቻ የለም፤ እንደ ዱቄት የላመ መደብ ግን አለ።

አይ ዘይነብ ብቅ አሉና «ማሻአላህ፣ ዛሬ ምን አስነሣሽ?» አሉኝ። ጉትቻዬ ጠፍቶ ነው ስላቸው፣ ዘሃራ የሻሿን ጫፍ ፈትታ ጉትቻውን አወጣችው፤ አንዲት የአፈር ቅንጣት አልነካውም። ልቆጣ ነበር፤ ግን ችግኙ መጠውለግ ጀምሯልና መትከሉ ቀደመ።

በርበሬው ጸደቀ። ተረቱም ጸደቀ፤ ዛሬ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያወራዋል። አይ ዘይነብ እንዳዘዙት ጅብ የሚባል የለበትም። «አንዲት ሰነፍ ቀበሮ ነበረች» ብለው ይጀምራሉ፤ «ከጎረቤቷ ደግሞ አንዲት መጽሐፍ የምታነብ ሴትዮ ነበረች…»