ጋሽ ጉልላት ያላሉት ነገር

እድር የሌለው ሰፈር ይገኝ ይሆናል፤ "ብዬ ነበር" ባይ የሌለው ሰፈር ግን አገር ቢዞሩ የለም። ለእኛ ለሐዋሳ ታቦር ሰፈር ሰዎች የደረሱን ክቡር ጋሽ ጉልላት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ የሰው ጉዳይ ሁሉ የዕድሜ ልክ ኃላፊ።

ድንኳን ተክለን ዝናብ ከወረደ፣ "ብዬ ነበር!" የሠርግ መኪና መንገድ ላይ ከቆመ፣ "ብዬ ነበር!" አንዴ ጥርሴን ተነቅዬ ጉንጬ አብጦ ስመለስ በር ላይ ጠብቀው፣ "የታመመው ጎረቤቱ ጥርስ ነው ብዬ ነበር" አሉኝ። ለማን እንዳሉ እግዜር ይወቅ። አሮጌ መኪናዬን ባስነሳሁ ቁጥር ደግሞ በመስኮት ብቅ ይላሉ። "አንቺ ልጅ፣ የኋላ ጎማሽ ንፋስ ጎድሎታል!" ጎድሎት አያውቅም። እጄን አውለብልቤላቸው እሄዳለሁ።

ባለፈው ጥር ውኃም የብስም ላይ የምታርፍ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ለትርኢት ሐዋሳ መጣች። አብራሪው ኢዮብ የሚባል ወጣት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሐይቁ ላይ እንደ ዳክዬ አረፈች፤ ሕዝቡ በእልልታ ቀለጠ። በማግስቱም ሐይቁ ዳር ተሰበሰብን። ጋሽ ጉልላት ከጎኔ ነበሩ። ከፊታችን አዘጋጁ መክብብ ከአብራሪው ጋር የሚነጋገርበትን ሬዲዮ ይዞ ቆሟል።

አውሮፕላኗ ከአየር ማረፊያው ተነሥታ መጣችና ወደ ውኃው ዝቅ ማለት ስትጀምር ጋሽ ጉልላት የመክብብን ክንድ ያዙ።

"ጎማዎቿ ወጥተዋል! ትናንት ውኃው ላይ ስታርፍ ታጥፈው ነበር። እንዲህ ከወረደች ትገለበጣለች፣ ንገረው!"

መክብብ ፈገግ አለ። "አባባ፣ እሱ እኮ ተምሮበታል።"

"ንገረው እልሃለሁ፣ አንተ ልጅ!"

ያኔ ነው እኔ፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው፣ "ጋሼ፣ ዛሬን እንኳ ለሚያውቁት ይተዉላቸው" ያልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። መክብብም ሳቀ፤ ሬዲዮው እጁ ላይ ነበር።

ጎማዎቿ ውኃውን ሲነኩ አውሮፕላኗ በአፍንጫዋ ተደፍታ ተገለበጠች። ዓሣ አስጋሪዎች በጀልባ ደርሰው በሩን ገንጥለው እስኪከፍቱ ኢዮብ በቀበቶው እንደታሰረ ውኃ ውስጥ ቆየ። ሲያወጡት ሕይወቱ አልፏል።

በሦስተኛው ቀን እናቱ ወይዘሮ ፅጌ፣ ልጄ የሞተበትን ካላየሁ ብለው መጡ። ዳርቻው ላይ ተቀመጡና አንድ በአንድ አዩን።

"ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሲያይ፣ አንድ ያወቀ አልነበረም?"

መክብብ አንገቱን ደፋ። ሁላችንም ጋሽ ጉልላትን አየናቸው። ዕድሜ ልካቸውን "ብዬ ነበር" ያሉ ሰው፣ አሁን ቢሉ ማን ይከለክላቸዋል?

ባርኔጣቸውን አወለቁ። "አልነበረም፣ እኅቴ" አሉ። "ማናችንም አላወቅንም።"

ስንመለስ በራቸው ላይ፣ "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" ብዬ አለቀስኩ። "ብነግራቸው ልጃቸው አይነሣ" አሉኝና ገቡ።

ከዚያ በኋላ መስኮታቸው ተዘግቶ ከረመ። የመኪናዬን ሞተር አስነሥቼ እጠብቃለሁ፤ ማንም ብቅ አይልም። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ገርበብ አለ።

"አንቺ ልጅ፣ የኋላ ጎማሽ..." አሉና ተዉት።

ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። ተንበርክኬ ጎማውን ጫን ጫን አደረግሁት። እንደ ድንጋይ ጠንክሯል።

"እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ጎድሎታል" አልኳቸው። "አሁኑኑ ሄጄ አስነፋዋለሁ።"

"ብዬ ነበር" አሉ፣ ቀስ ብለው።