“ማር” የተባለው ቁልፍ ስላስነሣው የሕሊና ጥያቄ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ስብሰባው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በጨዋታ መሥሪያው ድርጅት ሁለተኛ ፎቅ ተጀመረ። የተገኙት፦ ሥራ አስኪያጁ (ሰብሳቢ)፣ አማቻቸው የሽያጭ ኃላፊው፣ ሠዓሊው፣ “አውራ ጣት” የሚባለው የጨዋታ ሞካሪ፣ የቋንቋ አራሚው እና ጸሐፊው። የኋለኞቹ ሁለቱ እኔው ብሆንም ስድስት ተብለን ምልአተ ጉባኤው ተሟላ። ተርጓሚዋ ያለ ድምፅ፣ ለመጠየቅ ብቻ ተጠርታለች።

፩. በጨዋታው ውስጥ አንድ የተራበ ሌባ ከቀፎ ሥር ይያዛል፤ ተጫዋቹም “ቅጣ” ወይም “ማር” የሚለውን ቁልፍ ሳይጫን ማለፍ አይችልም። አውራ ጣት “ማር”ን ተጭኖ “ጻድቅ” የሚል ማዕረግና መቶ ነጥብ አገኘ። ሲጠየቅም፣ “ቀፎ አየሁ፣ ማር የሚል አነበብኩ፣ ልበላ ተጫንኩ፤ ይቅርታውን ማን አሰበው!” ሲል አስረዳ። የሽያጭ ኃላፊው ሳይታሰብ የተደረገ ምሕረት ምሕረት እንደማይባል ገለጹ። ሠዓሊው፣ “ሌባው እንደሆነ ተፈቷል፤ ለእሱ ምን ለየው?” አለ። “አንተ ደግሞ መቼም ለሌባ ነህ” የሚል ድምፅ በመሰማቱ ሰብሳቢው ጠረጴዛ መቱ። ከረዥም ውይይት በኋላ ለምሕረቱ መቶ ነጥብ እንዲጸና፣ ለሆዳምነቱ መቶ ነጥብ እንዲቀነስ ተወሰነ።

፪. ሰብሳቢው በስሕተቱ ምክንያት ተርጓሚዋ ከሥራ ትሰናበት የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ተርጓሚዋ፣ “ጋሼ፣ ሥዕሉን መች አሳያችሁኝና? የምትልኩልኝ የቃል ዝርዝር ብቻ ነው። ‘ይቅር በለው’ ብዬ ጽፌም ነበር፤ ‘ቁልፉ ጠባብ ነው፣ በሁለት ፊደል ጨርሺው’ ያለኝ ሰው ይኸው እዚህ ተቀምጧል” ስትል መለሰች። ሠዓሊው በዚያ ሰዓት መነጽሩን ይወለውል ነበር። ትሰናበት የሚሉ እጅ እንዲያወጡ ተጠየቀ፤ ማንም አላወጣም። ሰብሳቢው ደንቡ ድምፅ መስጠት አይፈቅድልኝም አሉ። ትቆይ የሚሉም ተጠየቁ፤ ማንም አላወጣም። የጸሐፊው እጅ በጽሑፍ ተይዞ ነበር። ተርጓሚዋ፣ “ተጫዋቹን ሳትመርጥ አታልፍም ትሉታላችሁ፤ እናንተ ግን እንዴት አድርጋችሁ አለፋችሁ!” ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

፫. አውራ ጣት “ዝም በል” የሚል ሦስተኛ ቁልፍ እንዲጨመር ጠየቀ። የሽያጭ ኃላፊው ተጫዋቾች ከሁሉ አብልጠው የሚጫኑት እሱን እንደሚሆን በማረጋገጣቸው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

፬. ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤው ለድርጅቱ ባለቤቶች እንደሚቀርብ አስታወሱ። በዚህም የተነሣ ከ፩ እስከ ፫ ያለው ሁሉ እንዳልተነሣና እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ተወሰነ። እንግዲህ ተርጓሚዋ አልተሰናበተችም፣ ቦርሳዋንም አንሥታ አልወጣችም ማለት ስለሆነ ነገ ጠዋት በሥራ ገበታዋ እንድትገኝ ይነገራት ተባለ። ማን ይንገራት ለሚለው ፈቃደኛ ስላልተገኘ ስብሰባው በአሥር ሰዓት ተኩል ተበተነ።